በዳርክታይድ ኦግሪን ይዞ ፊት መቆም

ዋርሃመር 40,000፦ ዳርክታይድ አራት ሰው አንድ ቡድን ሆኖ የሚጫወተው ጌም ነው። የስዊድኑ ፋትሻርክ እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ ላይ ሲያወጣው አራት ክላሶች ነበሩት፦ ቬተራን፣ ዚሎት፣ ሳይከር እና ኦግሪን። ግዙፉ ኦግሪን ነው። መነሻ ሄልዙ (የሕይወት መጠኑ) 300 ሲሆን የዚሎት 200፣ የቬተራንና የሳይከር ደግሞ 150 ነው። ይህን ቁጥር አይቶ የሚገባ አዲስ ተጫዋች «እኔ ብዙ እችላለሁ፣ እየተመታሁ ልሂድ» ይላል። በታችኞቹ ሁለት ደረጃዎች፣ በሰዲሽንና በአፕራይዚንግ፣ ይህ ያስኬዳል። ማሊስ ላይ መክበድ ይጀምራል። ኸሪሲና ዳምኔሽን ላይ ግን ቀድሞ መሬት የሚወድቀው ያው ትልቁ ሰውዬ ይሆናል።

የታንክ፣ ማለትም ፊት ቆሞ ጠላትን የሚይዝ ተጫዋች፣ ሥራ መመታት አይደለም። ጠላት የት እንደሚቆም፣ ፊቱን ወደ ማን እንደሚያዞርና ጀርባውን ለማን እንደሚሰጥ መወሰን ነው። ቬተራኑ ረጋ ብሎ ሲያነጣጥር፣ ሳይከሩ ሳይደናገጥ ኃይሉን ሲያከማች፣ ዚሎቱ ከጎን ገብቶ ሲቆርጥ ካያችሁ ኦግሪኑ ሥራውን እየሠራ ነው። በመጨረሻው ሰንጠረዥ ላይ ማን ብዙ ገደለ የሚለው ይህን አያሳይም፤ ስለዚህ በሰንጠረዡ ራሳችሁን አትመዝኑ።

ከሄልዙ በፊት መታየት ያለበት ሰማያዊው መስመር፣ ተፍነስ የሚባለው ነው። ተፍነስ እስካለ ድረስ ጥይት ሄልዝ አይነካም፣ ተፍነሱን ብቻ ይሸረሽራል። የእጅ ምት ግን ሌላ ነው። ተፍነሱ እየወረደ በሄደ መጠን ከእያንዳንዱ ምት ሾልኮ ሄልዝ የሚነካው ክፍል እየበዛ ይሄዳል። በግማሽ ተፍነስ መንጋ ውስጥ መግባትና በሙሉ ተፍነስ መግባት አንድ ያልሆነው ለዚህ ነው። በተልዕኮው ውስጥ ሄልዝ ዝም ብሎ አይመለስም፤ ሜዲኬ የሚባለውን የሕክምና ጣቢያ፣ የሕክምና ሳጥን ወይም የሕክምና መርፌ ይፈልጋል። ተፍነስ ግን በእጅ መሣሪያ ጠላት በገደላችሁ ቁጥር ትንሽ ይመለሳል፣ ጓደኞቻችሁ አጠገብ ስትሆኑ ይመለሳል፣ በታለንትም (በነጥብ በሚመረጥ ችሎታ) ይመለሳል። ከኦግሪን ታለንቶች መካከል ዘ ቤስት ዲፌንስ የሚባለው ከባድ ምት ብዙ ጠላት አንድ ላይ ሲያገኝ፣ ስማሽ ኤም የሚባለው ደግሞ ከባድ ምት አንድ ጠላት ብቻ ሲያገኝ ተፍነስ ይሞላሉ። ደረጃ 30 ላይ ስትደርሱ በእጃችሁ ካሉት 30 ነጥቦች ውስጥ እነዚህን ሁለቱን የማልወስድበት ምክንያት አላየሁም። ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ እያንዳንዱ የተሳካ ከባድ ምት ለራሳችሁ የምትከፍሉት ደመወዝ ይሆናል።

ከቡድን መራቅ ኦግሪንን ከሁሉ በላይ ይጎዳል። ኮኸረንሲ ማለት ጓደኞች በአቅራቢያ ሲሆኑ የሚሰጠው ትስስር ነው። ከእሱ ስትወጡ ተፍነሳችሁ በራሱ መመለሱን ያቆማል፣ የእናንተ ኦራም፣ ለአጠገብ ጓደኞች የምትሰጡት ጥቅም፣ ለእነሱ አይደርስም። ፊት መቆም ማለት ሃያ እርምጃ ቀድሞ መሮጥ አይደለም። ከኋላ ያለው ጓደኛ እናንተን የከበበውን ጠላት በቀላሉ መምታት የሚችልበት ርቀት ላይ መሆን ነው።

አሁን የቦታ ነገር። ብዙው ልዩነት የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። መንጋ ሲመጣ አብዛኛው ኦግሪን ሮጦ በሩ ላይ ይተከላል። ሁለት ነገር ይበላሻል። አንደኛ፣ ከበሩ ማዶ ያሉ ተኳሾች ሁሉ ያዩታል፤ ከፊት በእጅ እየተመታ ከሩቅ ደግሞ በጥይት ተፍነሱ ያልቃል። ሁለተኛ፣ ሰውነቱ በሩን ስለሚሞላው ከኋላ ያሉት ሦስቱ ምንም አያዩም። ከበሩ ሁለት ሦስት እርምጃ ወደ ውስጥ ተመለሱና ወደ አንዱ ጎን፣ ግድግዳውን ተጠግታችሁ ቁሙ። ተኳሾቹ መስመር ያጣሉ፣ የእጅ ተዋጊዎቹ በጠባቡ በር እየተጨናነቁ ይወጣሉ፣ የእናንተ ሰፊ ምት ደግሞ ሲወጡ ከጎን ያገኛቸዋል። ጓደኞቻችሁም በሩን በግልጽ እያዩ ይተኩሳሉ። ረጅም ኮሪደር ላይ ሆናችሁ ጎን የሚባል ከሌለ፣ የምትመቱት ሲቀንስ በርከክ በሉ፤ ከራሳችሁ በላይ አልፎ ማየት ለቬተራኑ ትልቅ ነገር ነው። ይህን የሚያደርግ ኦግሪን ብዙ ጊዜ ምስጋናም አያገኝም፣ ተልዕኮው ግን ይፈጥናል።

ሌላው የቦታ ጉዳይ መዞር ነው። ቡልዋርክ የሚባለው ባለ ጋሻ ግዙፍ ጠላት ከፊት በጥይት አይበሳም። እሱን ለብቻ ልግደል ብሎ ጋሻውን መደብደብ ጊዜ ማባከን ነው። ፊት ለፊቱ ቁሙ፣ እንዲያያችሁ አድርጉ፣ ከዚያ ቀስ እያላችሁ በክብ ዙሩ። እሱም ተከትሎ ይዞራል፣ ጀርባውም ለጓደኞቻችሁ ይከፈታል። ባለ መዶሻው ክራሸርም፣ ባለ መጥረቢያው ማውለርም፣ ትልልቆቹ አለቆችም በዚሁ መንገድ ይዞራሉ። ጠላት እናንተን ሲከተል በእናንተና በጓደኞቻችሁ መካከል መሆን አለበት፤ እናንተ በእሱና በእነሱ መካከል ከሆናችሁ እይታቸውን ዘግታችኋል።

ወደ እጅ ውጊያው ስንመጣ፣ ስታሚና፣ የጉልበት መጠኑ፣ ሁሉን ይገዛል። መመከትም፣ መግፋትም፣ መሮጥም ከእሱ ይቀንሳል። በመመከት ላይ እያላችሁ ስታሚና ካለቀ መከላከያችሁ ይሰበራል፣ ለአፍታም ትንገዳገዳላችሁ፤ ኦግሪን ከሚሞትባቸው ምክንያቶች ዋናው ይህቺ አፍታ ናት። ልማዱ እንዲህ ይሁን፦ መንጋው ሲደርስ አንድ ጊዜ ግፉ፤ የፊተኞቹ ሲንገዳገዱ ከባድ ምት ሰንዝሩ፤ እሱን ተከትሎ ቀላል ምት፤ ከዚያ እንደገና ግፉ። ደጋግሞ መግፋት ደህንነት ይመስላል፣ ነገር ግን ማንንም ስለማይገድል ተፍነስ አይመልስም፣ ስታሚናም ይጨርሳል። ሁልጊዜ ለአንድ ግፊት የሚበቃ ስታሚና አስቀምጡ። መከላከያው የሚሸፍነው ፊትን ነው። ከኋላ የሚመጣ ምት እንዳያገኛችሁ ጀርባችሁን ለግድግዳ ወይም ለጓደኛ ስጡ።

ከምት ዘሎ ማምለጥ፣ ዶጅ የሚባለው፣ ላይ ኦግሪን ደካማ ነው። ርቀቱ አጭር ነው፣ በተከታታይ ሲደረግ ደግሞ ሁለተኛውና ሦስተኛው ይበልጥ ያጥራል። ስለዚህ ለሁሉም ምት ዶጅ አታድርጉ። ለመንጋው መመከትና መግፋት ይበቃል። ዶጅን ለትልቁ ምት አስቀምጡት፦ ክራሸሩ መዶሻውን ከራሱ በላይ ሲያነሳ፣ ማውለሩ መጥረቢያውን ወደ ላይ ሲሰቅል። እነዚህን ከላይ ወደ ታች የሚወርዱ ምቶች በመመከት አትመኑ፤ ወደ ጎን ውጡ። ቶሎ ከወጣችሁ አቅጣጫውን ያስተካክልባችኋል። ክንዱ ወደ ታች መውረድ ሲጀምር ውጡ፣ ወዲያው ተመልሳችሁ በከባድ ምት ግቡ። ክራሸር ከራስ እስከ እግሩ በካራፔስ ብረት የተሸፈነ ነው፤ ቀላል ምት አይሰማውም። ሬጀር ደግሞ ተቃራኒው ነው፦ ብዙ ፈጣን ምት በአንድ ትንፋሽ ያወርዳል፣ ስታሚናንም ይጠጣል። እሱን ሳይጀምር አንገዳግዱት፤ ከጀመረ ደግሞ ወደ ኋላ አፈግፍጉና ሲጨርስ ግቡ።

ተኳሾች የኦግሪን እውነተኛ ጠላቶች ናቸው። ሰውነቱ ሰፊ ነው፣ ሜዳ ላይ ቆሞ አይሳትም። አንድ የጌሙ ባሕርይ ግን ይረዳችኋል፦ ተኳሾች ሰው በጣም ሲጠጋቸው ጠመንጃቸውን ትተው በእጅ መሣሪያ ይዋጋሉ። ቡል ረሽ የሚባለው ግስገሳ ለዚህ የተሠራ ነው ማለት ይቻላል። ግስገሳውን በመንጋ መሃል አታባክኑት። መስመር ሠርተው የሚተኩሱ አምስት ስድስት ወታደሮች ሲታዩ ከሽፋን ወጥታችሁ ገስግሱባቸው። የወደቁት ይወድቃሉ፣ የቀሩትም ቢላ ይመዛሉ፣ በቡድናችሁ ላይ የሚወርደው ጥይት ይቆማል። ከመግባታችሁ በፊት ግን ሁለት ነገር እዩ፦ መንገዱ ላይ ክራሸር ወይም ቡልዋርክ አለ ወይ፤ መሠረታዊው ግስገሳ በእነሱ ላይ ይቆምና ከፊታቸው ያስቀራችኋል። ሁለተኛው፣ ጓደኞቻችሁ ተከትለው መድረስ ይችላሉ ወይ። መድረስ ካልቻሉ ሽፋን ይዛችሁ ጠብቁ፣ ተኳሾቹን ለቬተራኑ ተዉለት። ግስገሳውን ኢንዶሚተብል በሚባለው ታለንት ካሻሻላችሁት ርቀቱ ይጨምራል፣ የሚያስቆሙትም ግዙፎቹ አለቆች ብቻ ይሆናሉ።

በግስገሳው ፋንታ ሎያል ፕሮቴክተርን የመረጠ ሰው ጠላትን ወደ ራሱ ይጠራል። ጥሪው ከጋሻ ጋር እጅግ ይሠራል፤ ያለ ጋሻ ግን ልምድ ይጠይቃል። ጠላት የሚጠራው፣ ጓደኛ ሲከበብ ወይም የወደቀ ሰው ሊነሳ ሲል ነው፤ ሁሉም ደህና እያለ መጥራት በራስ ላይ ችግር መጨመር ብቻ ነው። ሦስተኛው አማራጭ፣ ፖይንት ብላንክ ባራዥ፣ ለተኳሽ ኦግሪን የተሠራ ስለሆነ እዚህ አልገባበትም።

ስፔሻሊስቶቹን፣ ልዩ ችሎታ ያላቸውን ጠላቶች፣ በጆሮ መለየት ይገባል፤ ሁሉም ከመታየታቸው በፊት ይሰማሉ። ፖክስበርስተር ራሱን የሚያፈነዳው ነው። ከሩቅ ከታየ በጥይት ይገደል፣ ቡድኑ አጠገብ ከደረሰ ግን አትምቱት፣ ግፉት። የኦግሪን ግፊት ወደ ኋላ ይወረውረዋል፣ ሲፈነዳም ራሳቸውን ጠላቶቹን ያገኛል። ይህ ከኦግሪን የሚጠበቅ ሥራ ስለሆነ ድምፁን ስትሰሙ ወደ እሱ አንድ እርምጃ ቅደሙ፤ ጓደኛ በድንጋጤ በመጥረቢያ ቢመታው ሁላችሁም ትጎዳላችሁ። ገደል አፋፍ ላይ ከሆናችሁ መጀመሪያ ከአፋፉ ራቁ፣ ፍንዳታው ይጥላል። ፖክስ ሃውንድ የሚባለው ውሻ ሲዘል ወደ ጎን ዶጅ፤ ጓደኛ ላይ ከተቀመጠ ደግሞ ግፊት ያነሳዋል። የትራፐር መረብ አይመከትም፣ ወደ ጎን መውጣት ብቻ ነው፤ ግዙፍነት ከመረብ አያድንም። ሙታንት የሚባለው ሮጦ የሚይዘው እስኪጠጋ ጠብቃችሁ በመጨረሻዋ ቅጽበት ወደ ጎን ውጡ። ቦምበርና ፍሌመር መሬቱን በእሳት ሲሸፍኑ ቦታውን ልያዝ ብሎ መቆም የለም፤ መስመሩን ወደ ኋላ ውሰዱት፣ እሳቱ ሲጠፋ ተመለሱ።

ለእነዚህ ሁሉ ቢግ ፍሬንድሊ ሮክ፣ ድንጋዩ፣ ምርጥ መልስ ነው። ጊዜ ሲያልፍ በራሱ ይመለሳል፣ ጥይት አይፈልግም፣ አብዛኛውን ስፔሻሊስት በአንድ ውርወራ ይጥላል። ድንጋዩ በአየር ላይ ወደ ታች ስለሚጎብጥ ሩቅ ላለ ኢላማ ከራሱ ትንሽ ከፍ አድርጉ፤ ለሚሮጥ ደግሞ ከፊቱ። ተኝቶ በእጅ ያለ ድንጋይ የባከነ ድንጋይ ስለሆነ ስፔሻሊስት ከሌለ ሬጀር ላይ ወርውሩት።

መሣሪያ ላይ ብዙ ማለት አልፈልግም፣ ሰው እጁ የለመደውን ይያዝ። ክሊቨር ለመንጋ ፈጣን ነው፣ በብረት ላይ ግን ይደክማል። ፓወር ሞል በኤሌክትሪክ ሲሞላ አንድ ከባድ ምት ይሰጣል፤ ከምቱ በፊት መሙላትን መልመድ ያስፈልጋል። ዴልቨርስ ፒክአክስ ቀርፋፋ ነው፣ ክራሸርን ግን ያሳምማል። ለንጹሕ ታንክነት የተሠራው ግን ባትል ሞልና ስላብ ሺልድ፣ ማለትም መዶሻና ጋሻው ነው። ይህ ጋሻ ከፊት የሚመጣ ጥይትንም ይመክታል፤ በልዩ ቁልፉ መሬት ላይ ሲተከል ደግሞ ከኋላችሁ ላሉት ሽፋን ይሆናል። የሚበላሸው እንዲህ ነው፦ ተጫዋቹ ጋሻውን ይተክልና እዚያው ይቀራል። ተተክሎ መንቀሳቀስ የለም፣ ጎንና ጀርባ ክፍት ነው፣ ጠላት ደግሞ አይሞትም። ጋሻውን የምትተክሉት በምክንያት ነው፦ ሰው እስኪነሳ፣ ቬተራኑ ጥይት እስኪሞላ፣ ጋነሩ፣ ተከታታይ ጥይት የሚያዘንበው ጠላት፣ ተኩሶ እስኪጨርስ። ምክንያቱ ሲያልቅ አንሱትና ምቱ።

የወደቀ ሰው ማንሳት ላይ ኦግሪን ከሌሎቹ የተሻለ ነው፤ ሲያነሳ ቢመታም ሥራው አይቋረጥም። ይህ ማለት ግን በመንጋ መሃል ዝም ብሎ ማጎንበስ አይደለም፣ ተፍነስ ባዶ ከሆነ እናንተም ትወድቃላችሁ። አንድ ግፊት፣ አንድ ሰፊ ከባድ ምት፣ ከዚያ ማንሳት። ከተኳሾች በኩል ሆናችሁ፣ የራሳችሁን አካል በወደቀውና በእነሱ መካከል አድርጋችሁ አንሱ። የወደቀ ሁሉ ከሄልዙ አንድ ክፍል በኮራፕሽን፣ ሄልዝ እንዳይሞላ በሚዘጋው ብክለት፣ ስለሚያጣ መውደቅን መከላከል ከማንሳት ይሻላል።

የጋራ ንብረትን በተመለከተ፦ መሬት ላይ ያለ ጥይት መጀመሪያ የቬተራኑ ነው። በእጅ መሣሪያ የሚጫወት ኦግሪን የጠመንጃው ጥይት ሲሶ ብቻ ቢቀርም ሥራው አይቆምም። ሜዲኬ ጣቢያ የሚሞላው ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው። የ150 ሄልዝ ሳይከር ግማሽ ላይ ሲሆን አንድ የክራሸር ምት ይበቃዋል፣ የእናንተ ግማሽ ግን የእሱን ሙሉ ያህላል። ቅድሚያውን በዚህ ስሌት ስጡ። ግሪሟር የሚባለውን የተረገመ መጽሐፍ የተሸከመ ሰው ካለ ኮራፕሽኑ ሁሉንም ስለሚበላ ጣቢያውን ሳትነጋገሩ አትንኩ።

ኩሪዮ፣ ጥቅም የሚጨምር ተጨማሪ ዕቃ፣ ሦስት ቦታ አለው። ሄልዝ የሚጨምረው እስከ 21% ይደርሳል፤ ይህ በመቶኛ ስለሚሰላ ለ150 ሰው 32 ገደማ ሲሆን ለኦግሪን 63 ነው። ለዚህ ነው ሄልዝ ኩሪዮ ለኦግሪን ከሌላው ይልቅ የሚያዋጣው። እኔ የምመርጠው ሁለት ተፍነስና አንድ ሄልዝ ነው፤ ጋሻ ለሚይዝ ግን አንዱን በስታሚና መቀየር ተገቢ ነው። ከንዑሶቹ ጥቅሞች መጀመሪያ የጋነሮችን ጉዳት የሚቀንሰውን ፈልጉ።

ከአዲስ አበባ ወይም ሩቅ ካለ ሌላ ከተማ የሚጫወት ሰው ፒንጉ፣ ከሰርቨሩ ጋር ያለው መዘግየት፣ ከፍ ሊል ይችላል። በተልዕኮ ሰሌዳው ላይ የሰርቨር ክልል መምረጥ ስለሚቻል ዝቅተኛውን ቁጥር ምረጡ። ቁጥሩ ከዚያ በኋላም ከፍ ካለ፣ በመጨረሻ ቅጽበት በሚደረግ ዶጅ ላይ አትመኩ፤ ትንሽ ቀደም ብላችሁ ውጡ፣ መመከቱንም ምቱ ሳይነሳ ያዙ። ፒንግ ከፍ ሲል ከመሣሪያዎቹ ሁሉ ይበልጥ ስሕተትን የሚያሳልፈው ጋሻው ነው።

አለቆቹን፣ ፕሌግ ኦግሪንን፣ ኬዮስ ስፖንንና ቢስት ኦፍ ነርግልን፣ ስትገጥሙ የእናንተ ድርሻ ሁለት ሊሆን ይችላል፤ አንዱን ብቻ ያዙ። ወይ አለቃው እናንተን እያየ ከቡድኑ ዞር ታደርጉታላችሁ፣ ወይ ደግሞ ሌሎቹ እሱን ሲመቱ መንጋውን ትይዛላችሁ። አለቃው ሌላ ሰው ከመረጠ ሁለተኛው ይሻላል፤ ተኳሽ ጓደኞቻችሁን የሚገድላቸው አብዛኛውን ጊዜ አለቃው ሳይሆን ሳያዩት ከኋላ የመጣ መንጋ ነው። ዴሞንሆስት፣ ካልነኩት የማይነሳው አደገኛ ጠላት፣ ብቻውን ሲያንጎራጉር ከሰማችሁ ግን ግስገሳም፣ ድንጋይም፣ ቦምብም ወደዚያ አቅጣጫ አይሁን። ሰውነታችሁ ሰፊ ስለሆነ ከሌሎቹ ይልቅ ከእሱ ራቅ ብላችሁ፣ ቀስ ብላችሁ እለፉ።

ሦስቱም ወድቀው ብቻችሁን ስትቀሩ ኦግሪን ዕድል አለው፣ ግን በመፋለም አይደለም። ግስገሳ ካለ ቀለበቱ ወደሳሳበት ወገን ወጥታችሁ ሽሹ፣ ጥግ ዙሩ፣ የተከተሉትን ጥቂቶች በከባድ ምት ገድላችሁ ተፍነስ ሙሉ። ሙሉ ሲሆን ወደ ቅርቡ የወደቀ ተመለሱ። ሁሉም ከሞቱ ደግሞ ወደ ኋላ አትመልከቱ፤ የሞቱት ከፊት ባለው የካርታው ክፍል ታስረው ይታያሉ። እዚያ እስክትደርሱ ድረስ ከአስፈላጊ በላይ ማንንም አትግጠሙ፣ ግፉና እለፉ። መጀመሪያ የምትፈቱት ለእናንተ ቅርብ የሆነውን ነው፣ ከዚያ በሁለታችሁ መካከል ያለው ኮኸረንሲ ተፍነሱን መሙላት ይጀምራል፣ ሦስተኛውንም መፍታት ይቀላል።